ግማሽ ስም የተጻፈበት ማሊያ

ባለቤቴ ወልደ ሚካኤል በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ በጁላይ ሙቀት፣ የክረምት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቤዝቦል ሜዳ ገብቷል። ከካፖርቱ ሥር ምን እንደለበሰ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ልበጥሰው ምንም አልቀረኝም። ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ ሰውየው ያበደ ይመስላችኋል። አላበደም፤ ግትር ነው እንጂ።

እኔ ፅጌረዳ እባላለሁ። እዚህ ባሕር ማዶ ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ካሉት ፎቆች በአንዱ ዘጠነኛው ላይ ነው የምንኖረው። ከወልዴ ጋር ገዳሪፍ በስደት ላይ ሳለን ከተጋባን አርባ አራት ዓመት ሆነን። ሙያው ልብስ ስፌት ነው። እዚህ እንደገባን ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ተቀጠረና ሃያ ስድስት ዓመት የጋራዥ ቱታ ሲሰፋ ኖረ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሪታየር አደረገ፤ አደረገ ከተባለ። አንድ የስፌት መኪና ተሸክሞ መጣና ሳሎኔን ወረሰው።

መጀመሪያ የሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር፤ ደህና ነበርን። ከዚያ አንድ ጎረቤታችን የልጁን የተበጠሰ የቤዝቦል ጓንት ይዞለት መጣ፤ ያ ቀን አይባረክ። ወልዴ ጓንቱን ፈታትቶ በአዲስ ጠፍር መልሶ ሲያስረው ከአዲሱ በለጠ። ወሬው ተሰማ። ከዌስተን እስከ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ድረስ ያለ የቤዝቦል ልጅ ሁሉ ጓንቱን፣ ማሊያውን፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪውን አምጥቶ ሶፋዬ ላይ ይከምር ጀመር። እንግዳ ሲመጣ የት እንደማስቀምጥ ግራ ገባኝ።

ወልዴ ደግሞ አንድ ነገር ከነካ ሥሩ ድረስ ሳይቆፍር አይተውም። ስለ ቤዝቦል ልብስ ያላነበበው፣ ያልጠየቀው የለም። እኔ ወጥ እያማሰልኩ እሱ ይተነትናል።

«ታውቂያለሽ ፅጌ? ድሮ እኮ ጓንት ማድረግ ነውር ነበር። መጀመሪያ ያደረገው ሰውዬ እንዳይስቁበት የቆዳውን ቀለም የሚመስል ነው የመረጠው ይባላል። ከኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው ደግሞ የደረት መከላከያውን ከሸሚዙ ሥር ይደብቅ ነበር፤ ፈሪ እንዳይሉት።»

«እሺ።»

«ማሊያው ሱፍ ነበር። በዚህ ሙቀት ሱፍ! በሜዳቸው ሲጫወቱ ነጭ፣ ሰው ሜዳ ሲሄዱ ግራጫ። መንገድ ላይ ማጠቢያ ስለማያገኙ እድፉ እንዳይታይባቸው ነው አሉ።»

«ይሄን ወደድኩት» አልኩት። «አንተም ከነገ ጀምሮ ግራጫ ልበስ።»

ከሁሉ የሳቀው ግን በአሰልጣኞቹ ነው። «የእግር ኳስ አሰልጣኝ ከረቫት አስሮ ይቆማል። እነዚህ ግን አሰልጣኙም የተጫዋቹን ልብስ ነው የሚለብሰው! ሽማግሌው! ቦርጩን በቀበቶ ጠፍሮ፣ ያቺን ጠባብ ሱሪ ታጥቆ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ!» ብሎ መቀሱን ጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይሄን ሳቁን ያዙልኝ።

ቤዝቦሉ ከቤታችን የገባው በጓንት ብቻ አይደለም። የልጃችን የእዝራ ልጅ ሔርሞን ትጫወታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ኳሱን የምትወረውረው፣ ፒቸር የሚሏት እሷ ናት። እዝራ ኤርፖርት አውቶቡስ ስለሚነዳ ሺፍቱ አይመቸውም፤ ልምምድ የሚወስዳት አያቷ ነው። የቡድናቸው ስም ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጉጉቶች! ምድር ላይ ካለ ወፍ ሁሉ ጉጉት! ስሰማ አማተብኩ። ሔርሞን ግን «ጉጉት ስማርት ነው እማማ» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ስለ ስሙ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው። የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ አባታችን ነው። በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ወልዴ ክሊኒክ ሄዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። «ሚስተር ኪሩ! ሚስተር ኪሩ!» ይላሉ፣ እሱ እጁን አጣምሮ ቁጭ። ከሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ታክሞ ወጣ። መጨረሻ ላይ ነርሷ ራሷ መጥታ «ኪሩ አንተ አይደለህም?» ብትለው «ኪሩማ አባቴ ነው፤ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ» አላት። ምስኪን፣ ደንግጣ «አይ አም ሶሪ» አለችው።

ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ወልደ ሚካኤል ማለት አቃታቸውና «ማይክ» አሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ማይክ! ይሄንን ሁሉ ችሎ የኖረው በአንድ ነገር ተጽናንቶ ነው። ልጃችን እዝራ ወልደ ሚካኤል ይባላል። ሔርሞን ደግሞ እዚህ ስለተወለደች የአባቷን የመጨረሻ ስም ይዛ ሔርሞን ወልደ ሚካኤል ሆነች። «እኔን ያሻቸውን ይበሉኝ» ይል ነበር፤ «ስሜ ልጅቷ ላይ ሙሉውን አለ።»

እና ባለፈው ጁን አዲሱ ማሊያ መጣ። ሔርሞን ለብሳው እየዘለለች ገባች። ደረቷ ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ ጉጉት፤ ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ ሰባት ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል። «ወልደ» ይላል። በቃ።

ወልዴ መነጽሩን አደረገ። አወለቀ። እንደገና አደረገ።

«ቀሪውስ?»

«ፎርሙ ኤይት ሌተርስ ብቻ ነው የሚቀበለው አባባ። ያንተ ትዌልቭ ነው። እኔ ሾርት አደረግኩት። ኪዩት ነው አይደል?»

«ወልደ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያንተ ስም።»

«የእኔ ስም አይደለም! ወልደ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ወልደ ሚካኤል፣ የሚካኤል ልጅ። አንቺ ሚካኤልን ቆርጠሽ ጣልሽውና 'የ… ልጅ' ብቻ ቀረ። የማን? የማን ልጅ ነው? ባለቤት የለውም?»

«አባባ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሸርት!» አለችው። ሸሚዝ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እኔ ነገሩን ላበርደው ብዬ «ኧረ ተው! እኔ አርባ አራት ዓመት ሙሉ ወልዴ ስልህ አንድ ቀን ከፍቶህ ያውቃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺማ ቀሪውን ታውቂያለሽ» አለኝ።

ወደ ወጤ ተመለስኩ።

ነገሩን የተወው መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሔርሞንን «እጅጌው ጋ ስፌቱ ላልቷል፣ ማሊያሽን ተይልኝ» ሲላት ሰማሁ። ስፌቱ የትም አልላላም ነበር። ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰባት ፊደል ቆረጠ፤ አምስቱን የድሮዎቹን ፈትቶ አሥራ ሁለቱንም በዚግዛግ ስፌት መልሶ ደረደራቸው። ስፌቱ እንከን የለውም፤ ሙያውን አልክድም። ችግሩ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ መሆኑ ነው፤ ጀርባዋ ለአሥራ ሁለት ፊደል አይበቃም። ስሙ ከግራ ብብቷ ተነስቶ ቀኝ ብብቷ ደረሰ።

«ይሄ ነገር አይሆንም» አልኩት።

«ሙሉ ነው» አለኝ።

ማሊያውን የሰጣት ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ተንኮሉ አይታያችሁም? ተቻኩላ ከነቴራ ላይ አጠለቀችው። የገዛ ጀርባውን የሚያይ ማን አለ? ገብታ ቆመች። ግራ ክንዷን ስታወርድ የመጀመሪያው ፊደል፣ ደብልዩው፣ ብብቷ ውስጥ ተሸጎጠ። እና የቀረው በእንግሊዝኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦልድ ማይክል።» ሽማግሌው ሚካኤል! የተጋጣሚዎቹ ልጆች አንዴ አነበቡት፣ በቃ። «ኦልድ ማይክል! ኦልድ ማይክል!» እያሉ አጥሩን ይደበድቡ ጀመር። እኔንም ሳቅ አመለጠኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወልዴ ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ውሸት ነው?» አለኝ።

ዳኛው መጣ። የሁሉም ማሊያ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ይሄ ስም ክንድ ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ትቀይር ወይ ትቀመጥ አለ። አሰልጣኟ ማርሲያ የራሷን ትርፍ ማሊያ አወጣች። ማርሲያ ትልቅ ሴት ናት፤ ማሊያው ሔርሞንን ጉልበቷ ድረስ ዋጣት። እጅጌውን እየሰበሰበች ወረወረች፤ አንድም በወጉ የሄደ ኳስ አልነበረም። በሰፊው ተሸነፉ።

ሲያልቅ ወደ አያቷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሁልጊዜ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ እየለወሰች የምታወራ ልጅ፣ በዚያን ቀን አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትጨምር «ሁለተኛ ሜዳ እንዳትመጣ» አለችው።

ምን በደልኩ ብሎ አልተሟገተም። ቤት ገብቶ ሰባቱን ፊደል አንድ በአንድ ፈታ፣ አምስቱን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ማሊያውን ተኩሶ በእዝራ እጅ ላከላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሜዳ አልሄደም። እኔ ስመለስ ግን በር ላይ ይጠብቀኛል። «የጓንቷ ጠፍር አልላላም? ውሃ ጠጣች? ማን ተቀበለላት?» አንጀቴን በላው። ይሄ ሰውዬ የሚናደድ ሰው ነው፤ ሲናደድ አውቅበታለሁ። ሲያዝን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

በዚህ መሀል ማርሲያ ኮል አደረገች። ረዳቷ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል። በደንባቸው ተጠባባቂዎቹ ጋ ሁለት አዋቂ ካልተቀመጠ ቡድኑ ሳይጫወት ተሸናፊ ይሆናል፤ ቅዳሜ ደግሞ ትልቁ ጨዋታ ነው። ወላጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። «ጓንታችንን የሚጠግኑልን ሰውዬ አይመጡልንም?» አለች። ወልዴ እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። ፊቱ በራ። ቀጥላ «ዩኒፎርም እሰጣቸዋለሁ፤ ያለ ዩኒፎርም ሜዳ መርገጥ አይቻልም» አለች። ፊቱ ጠፋ።

ስልኩን ስዘጋ «ያቺን ሱሪ?» አለኝ። «እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያየኝስ?»

«ቦርጭህን በቀበቶ ጠፍረህ» አልኩት፤ «ካልሲህን እስከ ጉልበትህ ስበህ።» አርባ አራት ዓመት አብሮ የመኖር ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የተናገረው ሁሉ አለኝ።

አልሳቀም። «ለነገሩ ልጅቷ አትምጣ ብላኛለች» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከጀርባው ለሔርሞን ቴክስት አደረግኩላት። አንድ መስመር መለሰችልኝ፤ ይምጣ፣ ግን ማሊያዬን እንዳይነካ። አነበብኩለት።

«አልነካም» አለ። «የሷን አልነካም።» እና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ይፈርሳል። ለማርሲያ ስሜን ራሴ እሰፋዋለሁ ብሎ ጀርባው ባዶ የሆነ ማሊያ አስመጣ። አርብ ጠዋት ከቡና ቆርቆሮ ውስጥ ፈትቶ ያስቀመጣቸውን ሰባት ፊደሎች ሲያወጣ አየሁት። ካውያውን ሰክቼ አቀበልኩት።

ቅዳሜ እንግዲህ በካፖርት ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ እሱ ብርድ እንደያዘው ሰው ኮሌታውን ይሰበስባል። ሔርሞን ቀድማ ገብታ ነበር። አየችው፣ «ሃይ» አለችው፣ ዞረች። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ከወላጆቹ ጋር ተቀመጥኩ።

እስከ አራተኛው ዙር ደህና ሄደች። አምስተኛው ላይ እጇ ከዳት። ኳሷ ዒላማ እየሳተ አንዷን መቺ በነጻ አሳለፈች፣ ሁለተኛዋን አሳለፈች፣ ሦስተኛዋን አሳለፈች፤ ሜዳው በተጋጣሚ ሞላ። የእኛዎቹ የሚመሩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ኮፍያዋን ደጋግማ ስታወልቅ ከአጥሩ ማዶ ይታየኛል። ማርሲያ ወደ ወልዴ ዞረች። «እኔን ስታይ ይብስባታል። እርስዎ ይሂዱና ያናግሯት።»

ተነሳ። ዳኛው፣ ያው የዚያን ቀኑ ዳኛ፣ እጁን ዘርግቶ አስቆመው፤ በካፖርት አይገባም። ወልዴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ካፖርቱን ለማርሲያ አቀበለ።

ልቤ ፍርስ እስኪል ሳቅኩ። ሱሪዋ ራሱ እንዳለው ተጣብቃበታለች። ከሥሯ መርፌ የሚያክሉ ሁለት እግሮች በአረንጓዴ ካልሲ ተጠቅልለዋል። ደረቱ ላይ ጉጉት። ቀበቶው ቦርጩን ለሁለት ከፍሎታል። ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው በቀስታ ሄደ። ጀርባውን ሲሰጠን ሰባቱ ፊደሎች ታዩ፤ «ሚካኤል» ይላል።

ሔርሞን ጉጉቱን እንጂ ጀርባውን አላየችም። ደርሶ ትከሻዋን ያዘና ፊቷን ከእኛ አዞረው፤ ማዶ በሐዲዱ ላይ የኤርፖርቱ ባቡር እያለፈ ነበር፣ እሱን እያሳያት ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጡን። ከአጥሩ ስናነብ ግን ምን ይላል? «ሚካኤል ወልደ።» ተገልብጧል! በግራዋ ነው የቆመው! እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ወልዴ! በቀኝ! በቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። ወላጆቹ ዳኛ የሰደብኩ መስሏቸው ዞሩ። ወልዴ ሰማኝ። ልጅቷን በሁለት ትከሻዋ ይዞ እንደ ዕቃ ወደ ግራው አሳለፋት፣ እሱ በቀኟ ቆመ።

ወልደ ሚካኤል። ሙሉው፣ አሥራ ሁለቱም ፊደል፣ በሁለት ማሊያ።

ከኋላ የቆመችው ተቀባይ ልጅ ቀድማ አነበበችና ጭንብሏን አንስታ መሳቅ ጀመረች። ሔርሞን ምን እንደሚያስቃት ለማየት ዞረች፣ ከዚያ የአያቷን ጀርባ አየች፣ ከዚያ የራሷን ለማየት አንገቷን አጣመመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

በዚህ ጊዜ ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ደረሰ። ድምፁ ትልቅ ነው፤ አጥሩ ድረስ ይሰማል። «እዚህ የተመዘገበው ኪሩ ነው። ማሊያው ማይክል ይላል። ማነህ አንተ?»

ወልዴ አፉን ከፈተ። እዚህ አገር ከገባን ሰላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ጥያቄ ሲመልስ ኖሯል፤ ማይክ በለኝ ብሎ ሊገላገለው እንደሆነ አውቄያለሁ። ሔርሞን ቀደመችው።

«ወልደ ሚካኤል» አለች። ሳታሳጥር፣ ሳትቸኩል፣ እኛ ቤት እንደሚባለው። «የሱ ስም ነው። የኔም ነው።»

«የሁለታችሁም?»

«የሁለታችንም። ቱጌዘር ነው የሚነበበው» ብላ ጀርባቸውን በአውራ ጣቷ አሳየችው።

ዳኛው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን አየ። ኮፍያውን ገፋ አደረገ። «ወልደ… ሚካኤል» አለ፤ እየተኮላተፈም ቢሆን ሙሉውን አለ፣ ወረቀቱ ላይም ጻፈው። ወልዴ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ፀሐይ ነው ይላል። አልቅሷል።

ስለ ኳስ አንድ ቃል ሳይናገር ተመለሰ። ሔርሞን ግን እየሳቀች ወረወረች፣ እየሳቀች ሦስት መቺዎችን ተራ በተራ አስወጣች። ወልዴ ነገሩ ጣመውና በሚቀጥለው ዙር ሳይጠራ ሊነሳ ሲል ማርሲያ ቀበቶውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፤ ማን አስታወሰው?

ካፖርቱን መልሶ አልለበሰም። ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስንሄድ ሁለቱ ቀደሙ፤ እኔ ካፖርቱን፣ ጓንቱንና ኳስ የሚመቱበትን ዱላ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። ሔርሞን በቀኙ ነበረች። ክንዷን ይዞ ወደ ግራው አሳለፋት።

«አባባ፣ ጨዋታው አልቋል እኮ! ማን ያየናል?»

«አያትሽ አለች» አላት፣ ሳይዞር።